ዕለቱን በዕለቱ፦ የጊልበርት ኋይት መዝገብ

የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ የሚነግረን ገና የሚመጣውን ነው። ጾሙ መቼ ይገባል፣ ፋሲካ በስንተኛው ቀን ይውላል፣ የትኛው በዓል በየትኛው ዕለት ላይ ያርፋል፤ ሁሉም ከወዲሁ ተሰልቶ ያለቀ ነው። የጊልበርት ኋይት የዕለት መዝገብ ግን የተገላቢጦሹን ይሠራል። ነፋሱ ከየት እንደነፈሰ፣ ዝናቡ ስንት እንደሆነ፣ የትኛው አበባ እንደፈነዳ፣ በዘመድ ቤት ማን እንደተወለደ የሚጻፈው ቀኑ ከዋለ በኋላ ነው። ሰውየው ይህን ከ1768 እስከ 1793 ድረስ (ዓመታቱም ወራቱም በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለ25 ዓመት ያህል ሳይታክት ጽፏል። ከተፈጥሮ ጋር የተያያዘ የቀን ውሎ ከጻፉት ሁሉ እኔ ከፊት የማስቀምጠው እሱን ነው።

ኋይት በደቡብ እንግሊዝ፣ በሃምፕሻየር ግዛት፣ ሴልቦርን በምትባል መንደር በ1720 ተወለደ፤ እዚያው በሰኔ 1793 አረፈ። የኦክስፎርዱ ኦሪየል ኮሌጅ አባል ስለነበር የተሻለ ደመወዝ ያለው ደብር አግኝቶ መሄድ ይችል ነበር። እሱ ግን በተወለደበት አካባቢ ረዳት ቄስ ሆኖ መኖርን መረጠ። ዓለም የሚያውቀው በ1789 በታተመው «የሴልቦርን የተፈጥሮ ታሪክ» በተባለው መጽሐፉ ነው። መጽሐፉ ለሁለት ወዳጆቹ፣ ለቶማስ ፔናንትና ለዴይንስ ባሪንግተን፣ በተላኩ 110 ደብዳቤዎች መልክ የተሰናዳ ሲሆን ከዚያ ወዲህ ከ200 ጊዜ በላይ ታትሟል። እኔ የምነሣው ግን ከዚህ መጽሐፍ ጀርባ ስላለው፣ ብዙ ሰው ገልጦ ስላላየው መዝገብ ነው።

የመዝገቡን ቅርጽ ያሰናዳው ባሪንግተን ነው። ሕግ ዐዋቂና የተፈጥሮ ወዳጅ የነበረው ይህ ሰው በሠንጠረዥ የተከፋፈለ ቅጽ አሳትሞ ለኋይት ሰጠው፤ ለአንድ ሳምንት አንድ ገጽ። ለቴርሞሜትር፣ ለባሮሜትር፣ ለነፋስ፣ ለዝናብ፣ ለዛፎች ቅጠል፣ ለአበቦች፣ ለወፎች መምጣትና መሄድ፣ ለነፍሳት ለእያንዳንዱ ዓምድ አለው። በመጨረሻ ደግሞ ለልዩ ልዩ ማስታወሻ የተተወ ሰፋ ያለ ቦታ አለ። ሌላ ሰው ቢሆን ቁጥሮቹን ሞልቶ ይህን ቦታ ባዶ ይተወው ነበር። የኋይት ነፍስ ያለችው ግን እዚያ ነው። የሜሎንና የኪያር መደቡ፣ የጎረቤት ጉንፋን፣ የንብ መንጋ፣ የወንድሞቹና የእኅቶቹ ልጆች መወለድ ሁሉ እዚያ ገብቷል። እሱ ራሱ ሚስት አላገባም፤ ልጅም አልወለደም። የእኅትና የወንድም ልጅ በተወለደ ቁጥር ግን ጠቅላላ ድምሩን ከአየሩ ጠባይ ጎን ይጽፋል፤ በስተመጨረሻ ቁጥሩ ከ60 አልፏል። ስለ ብቸኝነቱ ወይም ስለ ደስታው አንድም ማብራሪያ አልጨመረበትም። ሆኖም ገጽ እየገለጡ ያንን ድምር ሲያድግ የሚያዩ ሁሉ የሰውየውን ልብ ያገኙታል።

ታኅሣሥ 1784 ላይ ቆም ማለት ይገባል። ብርዱ እያየለ ሲመጣ ኋይት ሁለት ቴርሞሜትሮችን ከቤቱ ውጭ ሰቀለ። አንደኛው ዶሎንድ፣ ሁለተኛው ማርቲን የተባሉ ሠሪዎች ሥራ ነበር። ሲነጋ የዶሎንዱ ከዜሮ ፋራናይት በግማሽ ዲግሪ ወርዶ ተገኘ፤ ይህ በእኛ መለኪያ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው። የማርቲኑ ይባስ ብሎ ልኬቱ ወደዚያ ስለማይደርስ ሜርኩሪው ጭራሽ ከእይታ ተሰወረ። ኋይት ወዲያው ከሴልቦርን ከፍ ብላ በምትገኘው በኒውተን የሚኖር ወዳጁን ጠየቀ። በደጋው ብርዱ ይብሳል ብሎ ሲጠብቅ የኒውተኑ ቴርሞሜትር በ18 ዲግሪ ፋራናይት ያህል የሞቀ ሆኖ ተገኘ። የወዳጁ መሣሪያ የተሳሳተ ይሆናል ብሎ አንዱን ከሌላው አጠገብ አስቀምጦ አስተያያቸው፤ እኩል ያነባሉ። ያልጠበቀውን ውጤት እንዳለ መዘገበው። ዛሬ ምክንያቱን እናውቃለን፦ ነፋስ በሌለበት ጥርት ያለ ሌሊት ቀዝቃዛ አየር ስለሚከብድ ቁልቁል ተንሸራትቶ ረባዳው ላይ ይተኛል። የደብረ ብርሃን አካባቢ ገበሬ ውርጭ ከኮረብታው ይልቅ ረባዳውን ማሳ እንደሚመታ ያለ ቴርሞሜትር ያውቀዋል። ኋይትን የማደንቀው መልሱን ስላገኘ አይደለም። መልሱን ሳያገኝ ቁጥሩን ሳይነካካ፣ ያየውን ከሚያምነው ሳያስማማ ስላስቀመጠልን ነው።

የ1783 የእንግሊዝ በጋ ደግሞ ከዚህ ይበልጣል። ከሰኔ ማለቂያ ጀምሮ ለሳምንታት ያህል እንግዳ ጭጋግ አገሩን ሸፈነ። ኋይት የጻፈው በቀትር ብርሃኗን ስለከለከለች ፀሐይ፣ የዛገ ብረት መልክ ባለው ብርሃን ስለተሞላ የክፍል ወለል፣ ስትወጣና ስትጠልቅ ደም ስለመሰለች ፀሐይ ነው። በታረደ ማግስት ስለሚበላሽ ሥጋ፣ ፈረሶችን ስለሚያሳብድ የዝንብ መንጋ፣ በፍርሃት ስለተዋጡ የመንደሩ ሰዎችም ጽፏል። ካላብሪያና ሲሲሊ በምድር መናወጥ ላይ እንደነበሩ፣ በኖርዌይ ባሕር ዳርቻም እሳተ ገሞራ እንደፈነዳ የሰማውን ወሬ ጨመረበት። የጭጋጉ መነሻ ግን በአይስላንድ የሚገኘው የላኪ ስንጥቅ ነበር፤ ሰኔ 8 ቀን ፈንድቶ እስከ ተከታዩ የካቲት ድረስ ሰልፈርና ላቫ ሲተፋ ቆየ። ከአይስላንድ ሕዝብ አንድ አምስተኛው ያህል በተከተለው ረኃብ አለቀ።

ለእኛ አንባቢዎች ታሪኩ በእንግሊዝ አያበቃም። በ2006 የወጣ የአየር ንብረት ጥናት እንዳሳየው የላኪ ፍንዳታ የሰሜኑን ንፍቀ ክበብ አቀዝቅዞ የአፍሪካን የክረምት ነፋስ አዳከመ፤ የዓባይም ሙላት በ1783 እጅግ ዝቅ አለ። ከዓባይ ውኃ አብዛኛው የሚፈልቀው ከኢትዮጵያ ተራሮች ነውና፣ ግብጽን ያስራበው የዚያ ዓመት ድርቅ መነሻው በእኛ ሰማይ ላይ የቀረው ክረምት ነው። በዚያው ወቅት ግብጽ የነበረው ፈረንሳዊ ተጓዥ ቮልኔ ረኃቡን በዓይኑ አይቶ ጽፎታል። ሴልቦርን ያለ ቄስ በወለሉ ላይ የዛገ ብርሃን ሲያይ፣ በጎጃምና በጎንደር ያለ ገበሬ ደመና ሲጠብቅ ነበር። የአንዱ ዕለት በወረቀት ላይ ቀርቷል። የሌላው ግን በዕለት መዝገብ መልክ አልደረሰንም። ከዚያ 13 ዓመት ቀደም ብሎ ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ በጎንደርና በቁስቋም የክረምቱን ዝናብ በኢንች እየለካ ጽፎ ነበር፤ በ1783 ግን ብሩስ አገሩ ከገባ ቆይቷል። ይህን ክፍል ሳነብ የሚሰማኝ ቁጭት ቀላል አይደለም።

አሁን ወደ መጽሐፉና ወደ መዝገቡ ልዩነት ልምጣ። «የሴልቦርን የተፈጥሮ ታሪክ» የተዋበ ሥራ ነው፤ ግን ታርሟል፣ ተስተካክሏል። ለፔናንት እንደተላኩ ሆነው ከቀረቡት ደብዳቤዎች የመጀመሪያዎቹ ዘጠኙ ጨርሶ ያልተላኩ፣ ለመጽሐፉ ተብለው የተጻፉ ናቸው። ይህ ነውር አይደለም። ነገር ግን መጽሐፉን ያነበበ ሰው ኋይት ሁልጊዜ በእርጋታ የሚያስብ ሰው ይመስለዋል። መዝገቡ ሲያውቅም ሲሳሳትም ያሳየዋል። ጥቅምት 1784 ላይ ብላንሻርድ የተባለው ፈረንሳዊ በአየር ፊኛ በሴልቦርን ሰማይ ላይ ሲያልፍ ኋይት የጻፈውን ማየት በቂ ነው። አስቀድሞ ነፋሱን አስልቶ በዚያ በኩል እንደሚያልፍ ገምቶ ነበር፤ መንደሩም ወጥቶ ጠበቀ። በዚያ ዕለት ማስታወሻ ላይ ቃለ አጋኖዎቹ ተደርድረዋል። የ64 ዓመት ቄስ እንደ ልጅ ሲደነቅ የሚታየው በመዝገቡ ነው።

ስሕተቱም እዚያው ነው። ከጣሪያ ሥር በጭቃ ጎጆዋን የምትሠራው ጭራዋ መቀስ የመሰለ ወፍ በአውሮፓ የብርድ ወራት ወዴት ትሄዳለች? ኋይት ይህን ጥያቄ ዕድሜ ልኩን ተሸከመው። ወንድሙ ጆን በጅብራልታር ሳለ ወፎች ባሕሩን አቋርጠው ወደ አፍሪካ ሲሻገሩ አይቶ ጽፎለታል። ኋይትም ብዙዎቹ እንደሚሻገሩ ተቀብሏል። ያም ሆኖ ጥቂቶቹ በየጉድጓዱና በየቁጥቋጦው ተኝተው ይከርማሉ የሚለውን አሳብ መተው አልሆነለትም። ሠራተኞች ቀጥሮ ዳገቱን አስፈተሸ፤ አንድም አልተገኘም። እኔ ይህን እንደ ድክመት እቆጥረዋለሁ፤ በሌላ ነገር ሁሉ ማስረጃን ያከበረ ሰው እዚህ ላይ ተስፋውን ከማስረጃው አስቀድሟል። ሆኖም በመዝገቡ ላይ ያልተገኘውን ተገኘ አላለም። ባዶ የቀረውን ፍለጋ እንደ ባዶ ጻፈው።

ጢሞቴዎስ የተባለችው ኤሊ ነገር ለብቻዋ መጽሐፍ ይወጣታል። ከአክስቱ በ1780 የወረሳትን ይህችን ኤሊ በየዓመቱ መቼ አፈር ውስጥ እንደገባች፣ መቼ እንደወጣች፣ ስንት እንደመዘነች ጽፏል። የወንድ ስም ብትይዝም በኋላ በተደረገ ምርመራ ሴት መሆኗ ታውቋል። ቅርፊቷ ዛሬ በለንደን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ይገኛል።

የመዝገቡ ትልቁ ጉድለት የሰዎች ነገር ነው። ኋይት የምድር ትል ለአፈር ያለውን ጥቅም ከዳርዊን አንድ መቶ ዓመት ቀድሞ አይቷል፤ ዳርዊንም በ1881 ስለ ትሎች በጻፈው መጽሐፍ ስሙን ጠቅሷል። ያን ትል ያየ ዓይን ግን በዚያው አፈር ላይ በቀን ሥራ የሚያድረውን ሠራተኛ የሚያየው አልፎ አልፎ ብቻ ነው። ሲያይ እንዴት እንደሚያምር! ድኾች ቄጠማ ልጠው በስብ ነክረው እንደ ጧፍ የሚያበሩትን በሂሳብ አስልቶ፣ በአንድ ፋርዲንግ ሳንቲም አምስት ሰዓት ተኩል ብርሃን እንደሚያገኙ አሳይቷል። ይህ በመጽሐፉ ካሉት ገጾች ሁሉ ሰብአዊነት የሚበዛበት ነው። በመዝገቡ ግን ለአርባ ዓመት ያህል ያገለገለው ቶማስ ሆር የሚገኘው በስም ብቻ ነው፦ ቶማስ ቆፈረ፣ ቶማስ አጨደ፣ ቶማስ አየ። ኋይት ከቤት ሲርቅ አየሩን የሚከታተልለትም እሱ ነበር። ስለዚህ የመዝገቡ አንድ ክፍል የዚህ ሰው ዓይን ያየው ነው። ምን ይበላ፣ ምን ያስብ እንደነበር ግን ሩብ ምዕተ ዓመት በሞላ ጽሑፍ ውስጥ አናገኝም።

ስለ እትሞቹም አንድ ነገር ልበል። ዋልተር ጆንሰን በ1931 ያሳተመው ምርጥ ምርጡን ቆንጥሮ ያቀርባል። ለመግቢያ ይሆናል፤ ግን ሥራውን ይጎዳዋል። ተመሳሳዮቹ ቀናት ሲወጡ፣ «ዝናብ» ብቻ የተጻፈባቸው ቀናት ሲቀነሱ፣ የመጀመሪያዋ ወፍ የመጣችበት ዕለት ክብደቷን ታጣለች። ያ ዕለት የሚያበራው ከፊቱ በተከታተሉት ግራጫ ቀናት ነው። ፍራንቼስካ ግሪኖክ ከ1986 እስከ 1989 በሦስት ቅጽ ያሰናዳችው እትም ይህን ስለሚያውቅ ለእኔ የተሻለው እሱ ነው። አሰልቺ ነው የሚል ይኖራል። ቀስ ብሎ፣ ወሩን በወሩ ላይ ለሚያነብ ሰው ግን አይሰለችም። ጥር ላይ ጥሩን፣ ሚያዝያ ላይ ሚያዝያውን።

የኋይት ወዳጅ የነበረው ሮበርት ማርሻም በኖርፎክ ከ1736 ጀምሮ የፀደይ ምልክቶችን መመዝገብ ጀምሮ፣ ቤተሰቡ እስከ 1958 ድረስ ቀጠለው። ዛሬ ሳይንቲስቶች ዛፎች ከድሮው በስንት ቀን ቀድመው እንደሚያቆጠቁጡ የሚያስሉት በእንዲህ ዓይነት ደብተር ነው። እኛም ዘንድ አባቶች የበልጉን መግቢያ፣ የበረዶውን ቀን፣ የአንበጣውን ዓመት የጻፉባቸው ደብተሮች በየቤቱ አሉ፤ በየገዳሙም በመጻሕፍት ኅዳግ ላይ ተጽፈው ይገኛሉ። እባካችሁ አትጣሏቸው፤ ቀኑ የሚነበብ ከሆነ፣ አንድ መስመርም ብትሆን፣ ገልብጣችሁ ለቅርብ ቤተ መጻሕፍት ወይም ለዩኒቨርሲቲ ስጡ።