ሽማግሌው ነቅተው ነበር ወይ?

ኢኢጂ ማንበብ የሚጀምሩ ወጣት ሐኪሞች ደጋግመው የሚያነሡት ጥያቄ አለ፦ ኤምአርአይ ባለበት ዘመን የመርሳት ሕመም ዓይነቶችን ለመለየት የአንጎልን የኤሌክትሪክ ሞገድ መቅዳት ምን ይጨምራል? ጥያቄው ተገቢ ነው። ሃንስ በርገር የመጀመሪያውን የሰው አንጎል ሞገድ የቀዳው እ.ኤ.አ. በ1924 ነው፤ ከመቶ ዓመት በኋላም መሣሪያው በብዙዎቻችን ዘንድ የሚጥል ሕመም መመርመሪያ ብቻ ሆኖ ቀርቷል። የእኔ መልስ አንድ ነው፤ ከእሱም ፈቀቅ አልልም። ከሰበታ፣ ከቡራዩ ወይም ከሱሉልታ የመጡ አዛውንት ሕመማቸው አልዛይመር ይሁን ሉዊ ቦዲ ለመለየት፣ በደንብ ነቅተው ሳለ የተቀዳ ኢኢጂ ቀድሞ ሊታይ የሚገባው ማስረጃ ነው። እያንቀላፉ የተቀዳ ከሆነ ግን ባይቀዳ ይሻላል፤ ሐኪሙን ያሳስታልና።

ልዩነቱ ለምን ያስጨንቃል? ሁለቱም አይድኑም፣ ታዲያ ስሙ ምን ይፈይዳል የሚሉ አሉ። የሉዊ ቦዲ ሕመምተኛ ብዙ ጊዜ ቤት ውስጥ የሌሉ ሕፃናትን ወይም እንስሳትን ያያል፤ ሌሊት በሕልሙ ይጮኻል፣ ይራገጣል፤ አንድ ቀን አእምሮው ጥርት ብሎ ይውላል፣ በማግስቱ ደግሞ ልጁን አያውቅም። ቤተሰቡ «ጃጅተው ነው» ወይም «መንፈስ ነው» ብሎ ጠበል ይወስዳቸዋል። በጠበሉ ቅሬታ የለኝም። የምፈራው ቀጥሎ የሚመጣውን ነው። የሌለ ነገር የሚያይ ሰው መድረሻው የአእምሮ ሕክምና ክፍል ይሆናል፤ በመናገሻ ዙሪያም ገፈርሳ ካለው ማገገሚያ እስከ አዲስ አበባው አማኑኤል ድረስ ሕዝቡ የሚያውቀው መንገድ ይኸው ነው። እዚያ ርካሹና ሁልጊዜ የማይጠፋው መድኃኒት ሃሎፔሪዶል ነው። ለብዙ ሕመም ባለውለታ የሆነው ይህ መድኃኒት የሉዊ ቦዲ ሕመምተኛን ሊያደርቀው፣ ከአልጋ ሊያውለው፣ ሊገድለውም ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1992 ከእንግሊዝ ኒውካስል የወጣ ጥናት፣ የዚህ ዓይነት መድኃኒት ከወሰዱት የሉዊ ቦዲ ሕመምተኞች ግማሽ ያህሉ ከባድ ጉዳት እንደደረሰባቸው አሳይቷል። ስለዚህ የበሽታውን ዓይነት መለየት የሊቃውንት ቅንጦት አይደለም፤ ዛሬ ማታ የትኛው መርፌ እንደማይወጋ የሚወሰንበት ጉዳይ ነው።

ጤነኛ ሰው ነቅቶ ዓይኑን ሲጨፍን ከአንጎሉ የኋላ ክፍል በሰከንድ ከ8 እስከ 13 ጊዜ የሚመላለስ ሞገድ ይወጣል፤ ዓይኑን ሲገልጥ ይጠፋል። በአልዛይመር ይህ ሞገድ ቀስ በቀስ ይዘገያል፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ግን ብዙ ጊዜ ከ8 በላይ እንደሆነ ይቆያል። በሉዊ ቦዲ ገና ከጅምሩ ከ8 በታች ይወርዳል፤ ወርዶም አይረጋም፣ በደቂቃዎች ውስጥ ከፍ ዝቅ ይላል። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ዓለም አቀፍ የሉዊ ቦዲ መመዘኛ ይህንኑ የኋላ ክፍል መዘግየትና መዋዠቅ ከደጋፊ ምልክቶች አንዱ አድርጎ መዝግቦታል። ግንባርንና የጎን አንጎልን በሚያጠቃው ዓይነት ደግሞ የሰውየው ጠባይ ፈጽሞ ተለውጦ ሳለ ተራው ኢኢጂ ለረጅም ጊዜ ደህና ይመስላል፤ ይህም ራሱ ፍንጭ ነው። በጥቂት ወራት የሚገድለው የክሮይትስፌልድ ያኮብ በሽታ በየሰከንዱ ግድም በሚመላለስ ሹል ሞገድ ይታወቃል። ጉበት ሲደክም፣ ወይም የማይታይ የሚጥል ሕመም ሰውየውን ሲያደነዝዘው የሚመጣው ሞገድም ሌላ ነው፤ እነዚህ ሁለቱ ደግሞ ይታከማሉ።

ሙግቴ የሚከረው ግን እዚህ ላይ ነው። ማንኛውም ጤነኛ ሰው ሲያንቀላፋ የኋላው ሞገድ ይበተንና በሰከንድ ከ4 እስከ 7 የሚመላለስ ዝግ ያለ ሞገድ ይተካዋል። ወረቀት ላይ ሲታይ ከሉዊ ቦዲ ጋር መንታ ነው። ከሱሉልታ ተራራ በታክሲ ወርደው፣ ወይም ከሰበታ ጎህ ሳይቀድ ተነሥተው፣ ወረፋ ጠብቀው ፀጥ ያለ ጨለም ያለ ክፍል ውስጥ የተጋደሙ የሰማንያ ዓመት አዛውንት ካላንቀላፉ ማን ያንቀላፋል? ይባስ ብሎ ለሚጥል ሕመም የተዘጋጀው ትእዛዝ፣ «ሌሊቱን ሳይተኙ ይምጡ» የሚለው፣ ለመርሳት ሕመምም ሳይለወጥ ይሰጣል። ለእነዚህ ሰዎች ትእዛዙ መገልበጥ አለበት፦ በደንብ ተኝተው፣ በልተው፣ ረፋድ ላይ ይምጡ። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ እናት ከሆኑ ቀጠሮው ከበሉ በኋላ ይሁን፤ የደም ስኳር ሲወርድም ሞገዱ ይዘገያልና። ጸጉራቸው ቅቤ ካለው በሳሙና ይታጠብ፤ ኤሌክትሮዱ ካልያዘ የሚቀዳው ጫጫታ ነው። ዲያዜፓምና መሰሎቹ መቼ እንደተወሰዱ ይጻፍ። ቀጂው ባለሙያም ዝም ብሎ አይቀመጥ፦ «አባባ፣ ዓይንዎን ይግለጡ፤ አሁን ይጨፍኑ፤ ስንት ልጅ አለዎት?» እያለ፣ አፋን ኦሮሞ ለሚናገሩት በአፋን ኦሮሞ፣ ሰዓቱን በቅጂው ላይ እያስቀመጠ።

ለዚህ የሚሰጠው ጥሩ ተቃውሞ እንዲህ ይላል፦ የሉዊ ቦዲ ሕመምተኛ ቀን ላይ ማንጎላጀቱ ራሱ የበሽታው ምልክት ነው፤ በግድ ብታነቁት በሽታውን አትሰውሩትም? አንሰውረውም። ያንቀላፋ ጤነኛ ሰው ሲጠራ በአንድ ጊዜ ከ8 በላይ ወዳለው ሞገዱ ይመለሳል። የሉዊ ቦዲ ሕመምተኛ ግን ዓይኑን ገልጦ፣ ለጥያቄ መልስ ሰጥቶ፣ መልሶ ሲጨፍን ሞገዱ እዚያው ዝቅ እንዳለ ይገኛል፣ ወይም አንዴ 6 አንዴ 8 ይላል። የሚለየው ማንቃቱ ነው። ሳይነቃ የተቀዳው ሃያ ደቂቃ ይህን ጥያቄ ጨርሶ አልጠየቀም።

ሌሎች ደግሞ ከተራው ኢኢጂ ይልቅ አንጎል ለድምፅ የሚሰጠውን ምላሽ መለካት ይሻላል ይላሉ። ዘዴው ቀላል ነው፦ አንድ ዓይነት ድምፅ ደጋግሞ ይሰማል፤ አልፎ አልፎ ቀጠን ያለ ሌላ ድምፅ ይመጣል፤ ሰውየው ያንን ሲሰማ ቁልፍ ይጫናል። ከድምፁ 300 ሚሊ ሰከንድ ገደማ በኋላ አንጎል የሚያሳየው ምላሽ ፒ300 ይባላል። ሳተንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1965 ገለጹት፤ ጉዲንና ጓደኞቹ በ1978 የመርሳት ሕመም ባለባቸው እንደሚዘገይ አሳዩ። ለዚህ ዘዴ ትልቅ አክብሮት አለኝ፤ ምክንያቱም ፊደል አይጠይቅም። ዓረፍተ ነገር ጻፉ፣ ከመቶ ሰባት ሰባት ቀንሱ፣ ባለአምስት ማዕዘን ቅርጽ ሳሉ የሚለው የታወቀው ፈተና ትምህርት ቤት ያልገቡ የመናገሻ ገበሬን ጤነኛ ሳሉ ይጥላቸዋል። ቀኑን ቢጠየቁ በሚካኤልና በገብርኤል ቆጥረው በትክክል የሚናገሩ ሰው በወረቀቱ ላይ እንደተሳሳቱ ይቆጠራሉ። ታንዛኒያ ውስጥ ለአፍሪካ አዛውንት የተዘጋጀው አይዲኢኤ የተሰኘው መለኪያ በክብሪት እንጨት ቅርጽ ማሠራቱ ለዚህ ነው። ይሁንና ፒ300 በዕድሜ ብቻም ይዘገያል፤ ጆሮ ሲደክም ይበላሻል፤ የጤነኛውና የሕመምተኛው ቁጥር ይደራረባል። አንጎሉ መታመሙን ከመጠቆም አልፎ በምን እንደታመመ ለአንድ ሰው አይወስንም። ደግሞም የሚያንቀላፋ ሰው ፒ300 ይደክማል፣ ይዘገያል። ስለዚህ ሁለተኛ ነው፤ እሱም የሚሠራው ሰውየው ከነቃ ነው።

ኤምአርአይ ወይም ሲቲ መነሣቱን አልቃወምም፤ የራስ ቅል ውስጥ የፈሰሰ ደም፣ የውኃ መጠራቀም፣ ዕጢ፣ ስትሮክ የሚገኘው በዚያ ነው። ነገር ግን የሚያሳየው ቅርጽን ነው፤ ሉዊ ቦዲ ደግሞ በመጀመሪያ ቅርጽን ብዙ አይነካም። እ.ኤ.አ. በ2025 የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ የፈቀደው የአልዛይመር የደም ምርመራም አንድ ቀን እኛ ዘንድ ይደርስ ይሆናል፤ ያኔም ብዙ የሉዊ ቦዲ ሕመምተኞች የአልዛይመር ምልክት በደማቸው ስለሚኖር ምርመራው «አለ» ማለቱ ሉዊ ቦዲን አያስቀርም። ለእኔ የሚከብደኝ ተቃውሞ ሌላ ነው፦ ከ8 በታች ዝግ ያለ ነው የምንለው በማን አዛውንት ለክተን ነው? መመዘኛዎቹ የተሠሩት በአብዛኛው በአውሮፓና በጃፓን ሰዎች ነው። ይህ እውነት ነው፤ መልሱም መሣሪያውን መተው ሳይሆን መለካት ነው። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ቡታጅራ አካባቢ በር ለበር ዞረው 60,820 ሰው ያለበትን ሕዝብ የነርቭ ሕመም አጥንተዋል፤ የሚጥል ሕመም ከሺህ ሰው በ5.2ቱ ላይ መገኘቱን ያወቅነውም በዚያ ነው። ጤነኛ የሰበታ፣ የቡራዩና የሱሉልታ አዛውንትን በደንብ አንቅቶ መቅዳት ከዚያ እጅግ ያነሰ ሥራ ነው።

ይህን ሙያ የምወድበት ምክንያትም ከዚህ አይርቅም። ማንበብ የማይችሉ፣ የሐኪሙን ቋንቋ የማይናገሩ፣ ልጆቻቸው ስለ እሳቸው ሲናገሩ ዝም ብለው የሚቀመጡ ሰው በራሳቸው አንጎል የሚመሰክሩበት ክፍል ነው። ምስክርነቱን የሚቀበል ሰው ቢያንስ ነቅተው መናገራቸውን ማረጋገጥ አለበት። ስለዚህ የመርሳት ሕመም ጥያቄ ይዞ የሚመጣ እያንዳንዱ ቅጂ ከውጤቱ በፊት ሦስት ነገር ይጻፍበት እላለሁ፦ ሌሊቱን ስንት ሰዓት ተኙ፣ ምን መድኃኒት ወሰዱ፣ ከተቀዳው ውስጥ ስንቱን ደቂቃ ነቅተው ነበር። ሦስተኛው መስመር ባዶ የሆነበት ወረቀት ለሐኪሙ አይላክ፤ ቀጠሮ ተሰጥቶ በሌላ ረፋድ እንደገና ይቀዳ።