የተነፋ የበቆሎ መክሰስ «ጥራት» በምን ይለካል?

በተነፋ የበቆሎ መክሰስ ላይ የሽምብራ፣ የአኩሪ አተር፣ የጤፍ ወይም የሌላ ተክል ዱቄት እየደባለቁ የሚመረምሩ ጽሑፎች በዝተዋል። ያነበብናቸው አብዛኞቹ አንድ መንገድ ይከተላሉ፤ ይኸውም ከበቆሎው 10፣ 20 ወይም 30 በመቶው በሌላ ዱቄት ይተካና የመክሰሱ መነፋት፣ ክብደት፣ ጥንካሬና ቀለም ይለካል። ድካማቸውን እናደንቃለን፤ ነገር ግን «ጥራት» የሚሉትን ቃል የሚመዝኑበት ሚዛን አላረካንም።

ለነገሩ እንግዳ ለሆነ አንባቢ አሠራሩን ባጭሩ እንግለጥ። ኤክስትሩደር የሚባለው መኪና የተከካውን በቆሎ በጠመዝማዛ ብሎን እየገፋ በግፊትና በሙቀት ያቀልጠዋል። ሊጡ ከጠባቡ ቀዳዳ ሲወጣ ግፊቱ በድንገት ስለሚወድቅ በውስጡ ያለው ውሃ እንፋሎት ሆኖ ይነፋዋል። ፈንዲሻ የሚፈነዳውም በዚሁ ሕግ ነው፤ ልዩነቱ ግፊቱን የሚያምቀው የራሱ ልጣጭ መሆኑ ብቻ ነው።

እንግዲህ የሚነፋው ስታርቹ ነው። ፕሮቲንና አሰር ሲጨመሩ የስታርቹ ድርሻ ያንሳል፤ የፉርሽካው ስባሪም የአረፋውን ግድግዳ ስለሚበሳ እንፋሎቱ ያመልጣል። ስለዚህ መክሰሱ ይከብዳል፣ ለጥርስም ይጠነክራል። ሽምብራ የራሱ ስታርች ስላለው ጉዳቱ መለስተኛ ነው። ግብጦ ግን ፕሮቲኑ ብዙ፣ ስታርቹ እጅግ ጥቂት ስለ ሆነ ቶሎ ያደድረዋል፤ ምሬቱም በሚገባ ተነክሮ ካልወጣ የሚበላው አይገኝም።

የእኛ ተቃውሞ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ጥናቶቹ ለማወዳደሪያ የሚያቆሙት ንጹሑን በቆሎ ነው፤ ከእርሱ ያነሰ የተነፋው ሁሉ «ጥራቱ ቀነሰ» ይባላል። ሆኖም በቆሎ ላይሲንና ትሪፕቶፋን የሚያጥሩት እህል ነው፤ ጥራጥሬው የተጨመረውም ላይሲኑን እንዲሞላ ነበር። እንጀራን በሽሮ የሚበላ ሕዝብ ይህን ጥምረት ሊያስተምሩት አይገባም። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአገራችን የተጀመረው ፋፋ የተባለው የሕፃናት ምግብም እህልንና ጥራጥሬን ያዋሐደው ስለዚሁ ነው። ለምግብነቱ የጎደለውን ምርት የጥራት አብነት አድርጎ፣ የተሻለውን በእርሱ መኰነን ምን ዐይነት ፍርድ ነው?

ከዚህ የሚብሰው ሁለተኛው ነው። የፕሮቲኑን መጠን የሚለኩት ናይትሮጅኑን ቈጥረው በ6.25 በማባዛት ነው። ይህ ቍጥር ከመኪናው በፊትም ሆነ በኋላ ብዙም አይለወጥም። ላይሲን ግን በሙቀት ከስኳር ጋር ስለሚጣመር ለሰውነት የሚጠቅመው ክፍሉ ይቀንሳል፤ ጉዳቱም የሚበረታው ሙቀቱ ከፍ፣ እርጥበቱ ዝቅ ሲል ነው። መክሰሱን አሳምሮ የሚነፋውም ይኸው ሁኔታ ነው! እርግጥ ነው፣ ሙቀቱ በጥሬ አኩሪ አተር ውስጥ ያለውን ትሪፕሲንን የሚገታ ንጥረ ነገር ስለሚያዳክም ጥቅምም አለው። ነገር ግን ትርፉና ኪሳራው አብረው ካልተለኩ «ፕሮቲኑ ጨመረ» የሚለው መደምደሚያ ለአንዲት እናት ምንም አይነግራትም።

ስለ ቀማሾቹም አንድ ቃል እንጨምር። ዳኞቹ ብዙውን ጊዜ የዚያው ትምህርት ቤት ተማሪዎችና ሠራተኞች ናቸው። መክሰሱ ለሕፃናት ታስቦ እንደ ሆነ ግን ሕፃናቱ ይቅመሱት፤ ከመኪናው እንደ ወጣ ብቻ ሳይሆን በከረጢት ከርሞ፣ የአኩሪ አተሩ ቅባት መሽተት የሚጀምርበት ጊዜ ሲደርስም ጭምር።