«ያልነበረው ሰው» እና የነበረው

እንግሊዛዊው ዩዌን ሞንታጉ እ.ኤ.አ. በ1953 ያሳተመው «ያልነበረው ሰው»፣ ራሱ ካቀነባበሩት አንዱ የሆነበትን የጦርነት ማታለያ ይተርካል። በኤፕሪል 1943 አንድ የብሪታንያ ሰርጓጅ መርከብ የሻለቃ መታወቂያ የያዘ አስከሬን በስፔኗ ዌልቫ አቅራቢያ ባሕር ላይ ጣለ። በቦርሳው የተገኘው ደብዳቤ ወረራው በግሪክና በሰርዲኒያ እንደሚሆን ይጠቁም ነበር፤ እውነተኛዋ ዒላማ ግን ሲሲሊ ነበረች። ጀርመኖችም አመኑ።

ያሳመናቸው የልቦለድ ጥበብ ነው። ለ«ሻለቃ ዊሊያም ማርቲን» እጮኛ ተፈጠረችለት፤ ፎቶግራፏ፣ የፍቅር ደብዳቤዎቿ፣ የቀለበት ሒሳብና የቲያትር ትኬት ቁራጮች አብረውት ሄዱ። ሞንታጉ ይህን የሚተርከው ገጸ ባሕሪውን እንደሚወድ ደራሲ ነው፤ ንባቡም ይጥማል።

ቅር የሚያሰኘኝ የእውነተኛው ሟች ነገር ነው። አስከሬኑ የግሊንዱር ማይክል ነበር፤ ለንደን ውስጥ የአይጥ መርዝ በልቶ የሞተ መጠለያ የለሽ ዌልሳዊ። መጽሐፉ ስሙን ይደብቃል፤ የገደለውም የሳንባ ምች ነው ይላል። በጦርነቱ ወቅት ምስጢሩ ግድ ነበር፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ግን የሚታለለው ጠላት ሳይሆን አንባቢ ነው። የማይክል ስም በመቃብሩ ድንጋይ ላይ የተጨመረው በ1990ዎቹ መጨረሻ ነው። መጽሐፉ ይነበብ፤ ርዕሱ ማንን እንደሚክድ ግን አይረሳ።