የኦኔሲሞስ ነሲብ መዝሙሮች እንደ ቋንቋ ሰነድ፦ ከሞያሌ አንጻር የቀረበ ሂሳዊ ንባብ

አጭር መግለጫ

ኦኔሲሞስ ነሲብ በመጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚነቱ በሰፊው ይታወቃል፤ በመዝሙር ሥራው ግን እምብዛም አይነሣም። ይህ ጽሑፍ የመዝሙር መጽሐፉ ለኦሮምኛ ጥናት ምን ዓይነት ማስረጃ እንደሚሰጥና ምን ሊሰጥ እንደማይችል ይመረምራል። መከራከሪያው፣ መጽሐፉ እስካሁን እንደ አንድ ሰው የሕይወት ታሪክ ምዕራፍ መነበቡ የቋንቋ ዋጋውን ሸፍኖታል፤ ይህም ጉድለት እንደ ሞያሌ ባሉ የድንበር ከተሞች ለሚነሣው «የቤተ ክርስቲያን ኦሮምኛ የማን ኦሮምኛ ነው?» ለሚለው ጥያቄ ያለ ማስረጃ መልስ እንዲሰጥ አድርጓል የሚል ነው። ዘመኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. ሰውየውና መዝገቡ

ኦኔሲሞስ በ1856 ገደማ በኢሉባቦር፣ በሁሩሙ አካባቢ ተወለደ። የልጅነት ስሙ ሂካ ነበር። ገና በልጅነቱ ተሰርቆ ከእጅ ወደ እጅ ከተሸጠ በኋላ፣ በ1870 ምጽዋ ላይ ቬርነር ሙንሲንገር ነፃ አወጣውና ለስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን አስረከበው። በ1872 ተጠመቀ፤ በስዊድን በዮሐንሰሉንድ የሚሲዮን ተቋም ተማረ። ከ1880ዎቹ አጋማሽ ጥቂት አለፍ ብሎ፣ በምጽዋ አቅራቢያ ባለችው በእምኩሉ፣ አንድ መቶ መዝሙሮች የያዘውን የኦሮምኛ መጽሐፍ አወጣ። በ1893 አዲስ ኪዳን፣ በ1894 የንባብ መማሪያ፣ በ1899 ደግሞ በስዊዘርላንድ በቅዱስ ክሪሾና ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ ታተመ። በ1904 ወደ ነቀምቴ ተመለሰ፤ በ1906 ተከሶ የማስተማር ፈቃዱን አጣ፤ በ1916 ልጅ ኢያሱ ፈቀዱለት፤ በ1931 በዚያው በነቀምቴ አረፈ።

ይህ ታሪክ ደጋግሞ ተተርኳል። ተራኪዎቹ መዝሙሩን የሚያነሡት በአብዛኛው በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ከዚያ ወደ መጽሐፍ ቅዱሱ ያልፋሉ። ምክንያቱም መዝሙሮቹ አብዛኞቹ ከስዊድንኛ የተተረጎሙ በመሆናቸው ነው።

2. «ትርጉም ነው» የሚለው ፍርድ

የመዝሙሮቹ ትርጉም መሆን አያከራክርም። የሚያከራክረው ከዚህ የሚወጣው ድምዳሜ ነው። የስዊድን የጉባኤ መዝሙር በየስንኙ የተወሰነ የቀለም ብዛት ይጠይቃል፤ ያው ዜማ በየአንጓው ይመለሳልና። የኦሮሞ ቃል ግጥም ግን በሐሳብ ትይዩነትና በድምፅ ተመሳስሎ ይቆማል። ከዚህም በላይ ኦሮምኛ ግሱን በዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ያሳርፋል፤ ስለዚህ ቤት ለመምታት የግስ መድረሻዎችን መደርደር ይቀላል። ተርጓሚው በዚህ ቀላል መንገድ የት እንደሄደ፣ የት ደግሞ ቅደም ተከተሉን እንዳፈረሰ መከታተል የሁለት የግጥም ሥርዓቶችን ግጭት በቅርብ ማየት ነው። ጥንቃቄው ግን ግልጽ ነው፤ በዜማ የታሰረ ትርጉም ለቃላት ቅደም ተከተል ጥናት ደካማ ምስክር ነው። ለቃላት ምርጫ ግን ጠንካራ ምስክር ነው።

ለዚህ የመጽሐፉ ርእስ ብቻ ይበቃል፦ «ገለታ ዋቀዮ ጎፍታ መጫ»፤ በግርድፉ «ለሠራዊት ጌታ ለእግዚአብሔር ምስጋና»። «ገለታ» የዕለት ተዕለት ምስጋና ነው፤ ሰው ለሰው የሚለው ቃል ወደ አምልኮ ገባ። «ዋቀዮ» የመነጨው ከ«ዋቃ» ነው፤ ቦረናም በጥንት እምነቱ አምላኩን በዚሁ ስም ይጠራል። ስለዚህ መዝሙሩ ባዕድ ስም ይዞ አልመጣም። «ጎፍታ» ግን ጌታ ማለት ብቻ ሳይሆን የባሪያ ባለቤትም ነው። ተሽጦ ያደገ ሰው ይህን ቃል ለፈጣሪው ሲሰጥ፣ ቃሉ በአፉ ሁለት ታሪክ ይይዛል። የክርስትና ስሙም በጳውሎስ መልእክት ወደ ፊልሞና ከተመለሰው ባሪያ የተወሰደ ነው። የልጅነት ስሙ ከ«ሂኩ» ግስ ጋር ይገናኛል፤ ትርጉሙም መፍታትም መተርጎምም ነው፤ አማርኛ «ፈታ» በሚለው ቃል ገመድንም ምሥጢርንም እንደሚፈታ።

3. የማን ኦሮምኛ?

ኦኔሲሞስ ከአፍ መፍቻ አካባቢው የተነጠለው በልጅነቱ ነው። የቋንቋ ዕውቀቱን ያሟሉለት እንደ እርሱ ነፃ የወጡ ኦሮሞዎች ነበሩ፤ ከእነርሱም ዋነኛዋ አስቴር ጋኖ ናት። አስቴር በ1886 እምኩሉ ደረሰች፤ 15,000 ያህል ቃላት ሰበሰበች፤ ከቃሏና ከትውስታዋ የተቀዱት ተረቶች፣ እንቆቅልሾችና ዘፈኖች በ1894ቱ የንባብ መማሪያ ገቡ።

ከዚህ አንድ ሊፈተን የሚችል ግምት ይወጣል። መዝሙሩ ሲዘጋጅ አስቴር ገና አዲስ ገብ ልጅ ነበረች፤ ማንበቢያውና መጽሐፍ ቅዱሱ ግን የእርሷን ቋንቋ ጠጥተዋል። እንግዲያው ሦስቱ መጻሕፍት በአንድ ማኅበር፣ በአሥራ ጥቂት ዓመታት ውስጥ የተዘጋጁ ሦስት ንብርብሮች ናቸው። በመዝሙሩ የሚታየው ቃልና የግስ ቅርጽ በ1894 እና በ1899 ከተለወጠ፣ ለውጡ የአስቴር አሻራ ሊሆን ይችላል። ሁሉንም በኦኔሲሞስ ስም ብቻ መመዝገብ አንዲቱን ሴት ከማስረሳት አልፎ ይህን ንጽጽር እንዳይታሰብ ያደርጋል።

4. ፊደሉ የያዘውና ያልያዘው

መዝሙሮቹ በግዕዝ ፊደል ተጻፉ። ኦሮምኛ አምስት አናባቢዎችን በአጭርና በረጅም ለይቶ አሥር ያደርጋቸዋል፤ ሰባቱ የፊደል እርከኖች ይህን ሁሉ ሊሸከሙ አይችሉም። ጥብቀትም አይጻፍም፤ «በዳ» ቢጠብቅ ደጋ፣ ቢላላ መጥፎ ነው። በንባብ ዐውዱ ይረዳል። በዝማሬ ግን ሌላ ኃይል ይገባል፤ ዜማው አጭሩን አናባቢ በረጅም ኖታ ላይ ካስቀመጠው፣ ዘማሪው ከቋንቋውና ከዜማው አንዱን መምረጥ አለበት። መሬት የሚለው ቃልና ለስላሳ የሚለው ቃል በኦሮምኛ የሚለዩት በአናባቢ ርዝመት ነው። በ1991 በኢትዮጵያ ቁቤ ሲመረጥ ርዝመቱና ጥብቀቱ ወረቀት ላይ ታዩ፤ ስለዚህ ቀድሞ የተሰወረው የዜማና የቃል አለመግባባት በዓይን የሚታይ ሆነ።

5. የሞያሌ ጥያቄ

ሞያሌ አንድ ስም ያላት፣ በኬንያና በኢትዮጵያ የተከፈለች ከተማ ናት። በሁለቱም ወገን ቦረንኛ ይነገራል፤ መጽሐፉ ግን ሁለት ነው። ከሰሜን የሚመጣው የኦሮምኛ የቤተ ክርስቲያን ቋንቋ መሠረቱ ምዕራባዊ ነው፤ በኬንያ ወገን ደግሞ ለቦረና በራሱ ዘዬ የተዘጋጀ መጽሐፍ ቅዱስ አለ፤ የላቲን አጻጻፋቸውም በሁሉ አይገጥምም።

ልዩነቱ ቃል ብቻ አይደለም። ምዕራቡ «ወራ» የሚለውን ቦረና «ዎራ» ይለዋል። ከዚህ የሚከብደው የቃል መጨረሻ ነው። አንድዤየቭስኪ በ1957፣ ስትሩመርም በ1987 የኬንያን ሦስት የደቡብ ዘዬዎች ባነጻጸረበት ሥራው እንዳሳዩት፣ በቦረና የቃል መድረሻ አጭር አናባቢ ወደ ሹክሹክታ ይለወጣል። የጉባኤ ዜማ ግን ለእያንዳንዱ ቀለም ኖታ ይሰጣል። ሹክ የሚባል አናባቢ ኖታ ሊሸከም አይችልም፤ ወይ ድምፅ ያገኛል፣ ወይ ኖታው ይቀራል። የመጀመሪያው ከሆነ ቦረናው በዝማሬ የማይናገረውን ኦሮምኛ ይዘምራል፤ ሁለተኛው ከሆነ «ዜማ ሰበረ» ይባላል። ይህ ወቀሳ የሙዚቃ ቢመስልም በውስጡ የዘዬ ፍርድ አለ፤ የአንዱን አካባቢ ድምፅ ትክክል፣ የሌላውን ስሕተት ያደርጋል። የፍርዱ መነሻ ደግሞ በቀይ ባሕር ዳር፣ ከአገራቸው በተነጠቁ ጥቂት ሰዎች የተሠራ መጽሐፍ ነው። ያን መጽሐፍ ለሁሉም የማይለወጥ መለኪያ ማድረግ ለአዘጋጆቹም አግባብ አይደለም፤ እነርሱ ራሳቸው ቃል እየሰበሰቡ፣ እየጨመሩ ነበርና።

6. የቀረው ሥራ

የሚያስፈልገው ሂሳዊ እትም ነው። በአንድ ዓምድ የግዕዝ ፊደሉ እንደታተመ፣ በሁለተኛው ርዝመትና ጥብቀት የተመለከተበት ቁቤ፣ በሦስተኛው የስዊድንኛው ምንጭ፣ ከሥሩም በ1894 እና በ1899 ሥራዎች የተለወጡት ቃላት ይቀመጡ። ከዚህ ጋር በሞያሌ በሁለቱም ወገን ያሉ ዘማሪዎች አንዱን ጽሑፍ መጀመሪያ በንግግር ከዚያም በዜማ ሲሉት ይቀዳ፤ የመድረሻ አናባቢዎቹም በሁለቱ ይነጻጸሩ። ቅጂው ቦረናው ዜማውን በስንፍና ሳይሆን በሰዋስው ምክንያት እንደሚያሳጥር ካሳየ፣ መታረም ያለበት ዘማሪው ሳይሆን ኖታው ነው። እትሙ ሲወጣ ደግሞ በርእስ ገጹ ላይ ከኦኔሲሞስ ነሲብ ቀጥሎ የአስቴር ጋኖ ስም የሚገባበትን ወይም የማይገባበትን ምክንያት፣ ከልማድ ሳይሆን ከንጽጽሩ ውጤት ማስረዳት ይቻላል።