«ከዘመድዎ እግሩ ያበጠ አለ ወይ?» በአንድ የሕክምና ጥያቄ ላይ የቀረበ ሂስ

በእግር ደም መላሽ ሥር ደም የረጋበት ሰው ሲመጣ፣ የምንማርባቸው መጻሕፍት በቤተ ዘመዱ ተመሳሳይ ሕመም መኖሩን እንድንጠይቅ ያዝዙናል። ትእዛዙ መሠረት አለው። እ.ኤ.አ. በ1965 ኖርዌያዊው ኦላቭ ኤጌበርግ ይህ ሕመም የተደጋገመበትን አንድ ቤተሰብ መርምሮ፣ አንቲትሮምቢን የተባለው የደም ፕሮቲን በውርስ እንደጎደላቸው አስታወቀ፤ በ1981 የፕሮቲን ሲ፣ በ1984 የፕሮቲን ኤስ ጉድለት ተከተለ። ሦስቱም የደምን መርጋት የሚገቱ ልጓሞች ናቸው።

ነቀፌታዬ ጥያቄው ከአርባ ምንጭ ወደ ጋሞ ደጋ ሲወጣ በሚደርስበት ላይ ነው። በሽተኛው የሕመሙን ስም ስለማያውቅ፣ ጥያቄው «ከዘመድዎ እግሩ ያበጠ አለ ወይ?» ወደሚል ይለወጣል። በደጋው ግን ቀይ አፈርን በባዶ እግር ከመርገጥ የሚመጣው ዝሆኔ ይገኛል፤ እርሱም በቤተ ዘመድ ይደጋገማል። ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቻቸው በጎረቤት ወላይታ መርምረው፣ ለዝሆኔ መጋለጥ ከዘር ጋር እንደሚያያዝ እ.ኤ.አ. በ2012 አሳይተዋል። እንግዲህ «አዎን፣ አባቴ» የሚለው መልስ ስለ የትኛው ውርስ ይመሰክራል?

ስሕተቱ በሁለት ወገን ይጎዳል። አንዲት አራስ አንድ እግሯ በጥቂት ቀን አብጦ ሲያማት «የቤታቸው ዝሆኔ ነው» ተብላ ብትመለስ፣ የረጋው ደም ወደ ሳንባዋ ሄዶ ሊገድላት ይችላል። በአንጻሩ በአንድ ምርመራ ብቻ «የደም ጉድለት አለባችሁ» ብንል፣ ዝሆኔ ያለበት ቤት ለጋብቻ በሚሸሽበት አገር ሌላ ነውር እንጨምራለን። ቁጥሩም ያታልላል፤ ፕሮቲን ኤስ በእርግዝና ይቀንሳል፤ ዋርፋሪን ሲንና ኤስን፣ ሄፓሪን አንቲትሮምቢንን ዝቅ ያደርጋል፤ የጉበት ሕመምና አዲስ የረጋ ደምም ሦስቱን ሊያጎድሉ ይችላሉ። ጉድለቱ በእውነት ያለበት ሰውም ሁሉ ደም አይረጋበትም።

ጥያቄው ይቅር አልልም፤ ይከፋፈል እላለሁ። ዝሆኔ ብዙውን ጊዜ ከመርገጫ ጀምሮ በዓመታት ሁለቱንም እግር ይይዛል፤ የረጋ ደም ግን ብዙውን ጊዜ አንዱን እግር በቀናት ያሳብጣል። ስለዚህ የዘመድ እግር አብጦ እንደሆነ ብቻ ሳይሆን፣ አንዱ ነው ወይስ ሁለቱም፣ በስንት ጊዜ አበጠ፣ ከወሊድ ወይም ከረጅም መተኛት በኋላ ነው ወይ፣ በድንገት ትንፋሽ አጥሮት የሞተ አለ ወይ ብለን እንጠይቅ። የፕሮቲኑም ልክ ሕክምናው ካለቀ በኋላ ይደገም። እስከዚያ ድረስ በታማሚው ካርድ ላይ «የውርስ ጉድለት» ብሎ ለመጻፍ መቸኮል አይገባንም፤ ያበጠውን አንድ እግር ለመመርመር ግን መዘግየት አይገባንም።