ጎተራና ምድጃ

አጣዬ ባለችው ፎቶ ቤቴ ከጠረጴዛው ሥር ሁለት አሮጌ ማሽኖች አሉ። አንዱ ያገለገለ ዴስክቶፕ ነው፣ ሌላው ስክሪኑ የተሰነጠቀ ላፕቶፕ። ዴስክቶፑ ያስቀምጣል፣ ላፕቶፑ ይሠራል። ነገሩ ይህን ያህል ቀላል ቢመስልም እዚህ ለመድረስ ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል።

መጀመሪያ ሁሉንም አንድ ማሽን ላይ ነበር የጫንኩት። ከታች ቨርቹዋል ማሽኖችን የሚያስተዳድረው ፕሮክስሞክስ፣ በላዩ የፋይል ማከማቻው ሥርዓት ትሩናስ እንደ ቨርቹዋል ማሽን፣ ጎን ለጎን ደግሞ ለሠርግ ቪዲዮ ማሳያ ጄሊፊን። ያምር ነበር። አንድ ምሽት መብራት ሄዶ ሲመለስ ትሩናስ ዲስኮቹን አጣቸው። ጥፋቱ የእኔው ነበር፦ ዲስኮቹን በመለያ ቁጥራቸው ሳይሆን በተራ ስማቸው ስላስተላለፍኳቸው ማሽኑ ሲነሳ ተራቸው ተቀያይሯል። ግን ያን ያወቅሁት በማግስቱ ነው። የሙሽራው ወንድም ፍላሹን ይዞ በር ላይ ቆሟል፣ እኔ ብልሽቱ ከየትኛው ንብርብር እንደሆነ እፈልጋለሁ። ፕሮክስሞክስ ጥፋት የለበትም። ብዙ ማሽን ለሚያስተዳድር ሰው ሁነኛ ነው። እኔ ግን ያለኝ አንድ ጎተራ ነው፣ ምድጃውንም ከሥሩ አነደድኩበት።

ጎተራ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። የይፋት ገበሬ ማሾውን ሲያከማች የሚፈራው ሌባን ብቻ አይደለም፤ ነቀዝንም ነው። ፍሬው ከላይ ደህና ይመስላል፣ ስትፈጨው ባዶ። ፎቶም እንዲሁ ነው። ፋይሉ በስሙ አለ፣ መጠኑም ልክ ነው፣ ሲከፈት ግን ግማሹ ግራጫ። ትሩናስን የመረጥኩት በውስጡ ባለው ዜድኤፍኤስ ምክንያት ነው። እያንዳንዱን ቁራጭ ሲጽፍ ማረጋገጫ ቁጥር ያኖርለታል፣ ሲያነብ ያመሳክራል፣ ካልገጠመ ከመንታው ዲስክ ደህናውን አምጥቶ ይጠግናል። ዲስኩ አንድ ብቻ ከሆነ ነቀዙን ይነግርሃል እንጂ አያድንህም። አዲሱንም በአሮጌው ላይ ስለማይጽፍ፣ መብራት መሃል ላይ ቢሄድ የቀድሞው ባለበት ይቆያል። ለአጣዬ ይህ ብቻ ይበቃል። ቢያንስ 8 ጊጋባይት ራም መጠየቁ ነው ቅር ያሰኘኝ።

ኦፕን ሚዲያ ቮልትንም ሞክሬዋለሁ፤ ለደካማ ማሽን ከእሱ የሚቀል አላገኘሁም። አንሬድ በገንዘብ ነው፣ ያኔ ፈቃዱም ከአንዲት ፍላሽ ጋር የተሳሰረ ነበር። በውጭ አገር ካርድ ግዛ ሲሉኝ ተውኩት።

«ትሩናስ ራሱ አፕሊኬሽን ያስኬዳል፣ ላፕቶፑ ለምን?» የሚሉኝ አሉ። ታሪኩን ስለማውቅ ነው። ትሩናስ ፊት ፍሪናስ ይባል ነበር፤ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2017 ኮራል የሚባል አዲስ ትውልድ አወጣ፤ ሁለት ወር ሳይሞላው ተወው። ኋላም ስኬል የተባለው ትሩናስ አፕሊኬሽኖቹን በኩበርኔቲስ ያስኬድ ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ2024 ወደ ዶከር ዞረ። ይህ ሁሉ ሲገለባበጥ ሥር ያለው ዜድኤፍኤስ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ አለ። የሚለዋወጠውን ከማይለዋወጠው ጋር አንድ ቤት ማሳደር አልፈለግሁም።

ላፕቶፑ ደግሞ የራሱ ባትሪ አለው። ዩፒኤስ መግዛት ላልቻለ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ዶከር ላይ ጄሊፊንና የፎቶ ማሳያው ኢሚች ይሠራሉ፤ ቢበላሽ ደምስሼ እንደገና እጭነዋለሁ። መጫኛዎቹን አዲስ አበባ ስሄድ አውርጄ በፍላሽ አመጣቸዋለሁ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ የተማርኩት ነው፦ ሲጫን ኢንተርኔት የሚጠይቅ ነገር በጸጥታ ቀን ብቻ የሚሠራ ነገር ነው። ኪዊክስም አለ፤ የሰፈሩ ተማሪዎች ዊኪፔዲያን ያለ ኢንተርኔት በዋይፋዬ ያነባሉ። ለፎቶ ቤት ምኑም አይደለም፣ ግን ደስ ይለኛል።

ሚያዝያ 2013 ዓ.ም. አጣዬ ስትቃጠል ዋናውም ቅጂውም አንድ መደርደሪያ ላይ ነበሩ። መንታ ዲስክ ሁለት ቅጂ አለመሆኑን ማንም አላስተማረኝም፣ አመዱን ሳይ ገባኝ። ስለዚህ ተለዋጭ ዲስኮች አሉ፤ በወር አንዴ አንዱ በልብስ ተጠቅልሎ በአውቶቡስ ደብረ ብርሃን እህቴ ጋ ይሄዳል፣ ያለፈው ወር ደግሞ ይመለሳል። ካራ ቆሬ ዘመድ አለኝ፣ ቅርብም ነበር። ግን በአንድ መንገድ ላይ የተቀራረቡ ከተሞች በአንድ ቀን ሊቃጠሉ ይችላሉ፤ በዚያ አካባቢም በ1953 ዓ.ም. የመሬት መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አፍርሷል።

ባለፈው ሰንበቴ ገበያ ውለው ሲመለሱ አንዲት እናት ጎራ አሉ። የታላቅ ልጃቸው ሠርግ ቪዲዮ እኔ ጋ ተቃጥሏል፤ ያሁኑ የታናሹ ነው።

«ልጄ፣ የዚህኛውስ አለ?»

«አለ እማማ። እዚህም አለ፣ ደብረ ብርሃንም አለ።»

«ደብረ ብርሃን ማን ይዞታል?»

«እህቴ ናት።»

«ቤቷ ቆርቆሮ ነው?» አሉኝ። ብሎኬት ነው አልኳቸው።