ያነሰው ሁሉ ቀድሞ አያልቅም
በኬሚስትሪ ትምህርት፥ ሁለት ንጥረ ነገሮች ሲዋሐዱ ቀድሞ የሚያልቀውን «ወሳኝ»፥ የሚቀረውን «ትርፍ» እንላለን። ወሳኙን ለመለየት ብዙዎቻችን በደብተራችን የያዝነው አቋራጭ «በክብደት ያነሰው ነው» የሚል ነው፤ ጥቂቶችም «በሞል ያነሰው ነው» ይላሉ። ሁለቱም የተሳሳቱ መሆናቸውን፥ ስሕተቱም ከፈተና ወረቀት አልፎ እስከ መጠጥ ውሃ እንደሚደርስ ለማሳየት እንሞክራለን።

የአባያ ሐይቅ በቀይ ቡናማ መልኩ ይታወቃል። መልኩን የሰጠው በውሃው ውስጥ የተንሳፈፈ፥ ብረት ያዘለ ደቃቅ ሸክላ አፈር ነው፤ ቅንጣቶቹ ጥቃቅን ስለ ሆኑ ቶሎ አይጠልም። እንዲህ ያለ ድፍርስ ውሃ አልሙኒየም ሰልፌት ሲጨመርበት፥ ጨው ከውሃው ባይካርቦኔት ጋር ተዋሕዶ አልሙኒየም ሃይድሮክሳይድ የተባለ ዝልግልግ ዝቃጭ ይሆናል፤ ዝቃጩም ጭቃውን ይዞ ይወርዳል።

አሁን ስሌቱን እንመልከት። 1 ሞል አልሙኒየም ሰልፌት 6 ሞል ሶዲየም ባይካርቦኔት ይፈልጋል። 18 ሞለኪውል ውሃ ያዘለውን ሰልፌት 66.6 ግራም፥ ባይካርቦኔቱን 63 ግራም ብንወስድ፥ 0.1 ሞልና 0.75 ሞል ይሆናሉ። በክብደት ያነሰው ባይካርቦኔቱ ነው፤ ነገር ግን የሚፈለገው 0.6 ሞል ብቻ ስለ ሆነ 12.6 ግራም ይተርፋል። ወሳኙ በክብደት የበለጠው ሰልፌት ሆነ! ባይካርቦኔቱን ወደ 42 ግራም ብናወርደው ደግሞ 0.5 ሞል ይሆናል። በሞል ከሰልፌቱ አምስት እጥፍ ቢሆንም ቀድሞ የሚያልቀው እርሱ ነው፤ 11.1 ግራም ሰልፌትም ይተርፋል። እንግዲህ ትክክለኛው መንገድ እያንዳንዱን የሞል ቍጥር በእኩልታው ፊት ለፊቱ ለተጻፈው ቍጥር አካፍሎ ውጤቶቹን ማወዳደር ነው።

የአባያ ውሃ በባይካርቦኔት የበለጸገ ስለ ሆነ፥ በልኩ ለተጨመረ ሰልፌት ወሳኙ ራሱ ሰልፌቱ ነው። ባይካርቦኔት የጎደለው የዝናም ውሃ ግን በዚያው መጠን ይኮመጥጣል፥ ያልተዋሐደው ጨውም በውስጡ ሟሙቶ ይቀራል፤ ስለዚህ ኖራ ወይም ሶዳ ይታከልበታል። ሁለቱን ውሃዎች በአንድ ማንኪያ የሚሰፍር ሰው የሚሳሳተው በዚህ ነው።

ይሁን እንጂ ስሌቱንም ከዐቅሙ በላይ ልናመሰግነው አይገባም። ጭቃው በእኩልታው ውስጥ የለም፤ ስንት ጨው እንደሚያጠልለው የሚታወቀው በልዩ ልዩ ብርጭቆ እየጨመሩ በመሞከር ነው። ስሌቱ የሚነግረን የትኛው እንደሚያልቅና ምን እንደሚተርፍ ነው። የሚተርፈውን የሚጠጣው ሰው ስለ ሆነ፥ ጓደኞቻችን አቋራጩን ከደብተራቸው እንዲሰርዙ፥ መምህራኖቻችንም ጥያቄውን በአገራችን ውሃ እንዲያወጡልን በትሕትና እናሳስባለን።